ለጳጉሜ ወንበር የለም

«ማሽን አይሳሳትም፣ የሚሳሳተው ሰው ነው» ሲባል ስሰማ ደሜ ይፈላል። ይህን የሚል ሰው ከማሽን ጋር አንድ ቀን እንኳ አብሮ ያልዋለ ነው። ወይም ማሽኑን የገዛው ሰው ነው። የገዛው ደግሞ ይብሳል፤ ማሽኑ ከተሳሳተ የተሳሳተው እሱ ራሱ ሊሆን ነዋ!

የእኔ ሥራ ፒኤልሲ ነው። አምቦ ውስጥ ይህን ቃል በመናገሬ የደረሰብኝን የማውቀው እኔ ነኝ። የሰፈሬ ሰው የገባው «የኤሌክትሪክ ነገር» የምትለዋ ብቻ ስለሆነች፣ እሑድ እሑድ ደጄ ላይ የሞተ ቴሌቪዥን፣ የሚነዝር ካውያ፣ ድምፁ የተዘጋ ማይክራፎን ተይዞ ይመጣል። አንድ የባጃጅ ሹፌር ጥሩምባው አልጮኽ ብሎት «ኢንጂነር፣ ማሎ፣ አንዴ እየው» አለኝ። ማሎ ሲሉኝ እምቢ ማለት አልችልም፤ በኦሮምኛ «እባክህ» ማለት ነው፣ ግን ከእባክህ ይልቅ አንጀት ይበላል። ሠራሁለት። ከዚያ ወዲህ በደጄ ባለፈ ቁጥር ጥሩምባውን እያስጮኸ ያመሰግነኛል፤ ያውም ገና ሳልነሳ።

ፒኤልሲ ማለት ፋብሪካ ውስጥ በብረት ሳጥን የሚቀመጥ፣ ጡብ የሚያክል ዕቃ ነው። ሞተሩን ተነሣ፣ ውሃውን ዝጋ፣ ደወሉን ምታ የሚለው እሱ ነው። በአጭሩ አለቃ ነው። እንደ አለቃም የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ነው፤ ያልተነገረው ነገር ሲገጥመው ግን «አላውቅም» አይልም፣ በሙሉ ልብ ያበላሸዋል።

ያን ዓመት ጳጉሜ ስትገባ እግሬን ዘርግቼ ልተኛባት ወስኜ ነበር። ጳጉሜ ደሞዝ እንደሌላት ታውቃላችሁ። ደሞዝ በሌላት ወር መሥራት ደግ አይደለም ብዬ ለራሴ ፈርጄ ብርድ ልብሱን ስስብ ስልኬ ጮኸ። ኦቦ ደገፋ ናቸው፤ ጊንጪ መውጫ ላይ ያለው የዱቄት ፋብሪካ ባለቤት።

«አንተ ልጅ፣ ቶሎ ና! ስንዴዬ ገንፎ ሆነ!»

«ማሽኑ ምን ሆነ ኦቦ ደገፋ?»

«ማሽኑማ ምን ይሆናል? ጫልቱ ናት!»

ጫልቱ የማሽኑ ኦፕሬተር ናት። ጥፋተኛው ከታወቀ እኔን ለምን እንደጠሩኝ ብጠይቃቸው «አንተ ናና እሷ እንደሆነች በሙያህ አረጋግጥ» አሉኝ። ፍርዱ ያለቀ፣ ምስክር ብቻ የቀረው ጉዳይ ነበር።

ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። የአምቦና የጊንጪ ሚኒባስ ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር አራተኛ ይጭናል። ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ቦታ አለ» ይላል። ቦታ የለም! ቦታ እንደሌለ እሱም ያውቃል፣ እኛም እናውቃለን፤ አራተኛው ሰውዬ ግን የተባለውን አምኖ መጣና ጭኔ ላይ ተቀመጠ። ዶሮ ይዞ ነበር። ዶሮዋ እስከ ጊንጪ ድረስ እጅጌዬን ስትነጭ ሄደች። ይህን ሰውዬ አትርሱብኝ፣ ኋላ እፈልገዋለሁ።

ፋብሪካው ስደርስ ግቢው በሙሉ ሸራ ተነጥፎ ስንዴ ተሰጥቶበታል። በጳጉሜ! ደመናው ቆርቆሮው ላይ ተቀምጦ በሚጠብቅበት ሰዓት! ሠራተኞቹ ጠብ ሲል ይሸፍናሉ፣ ሲያባራ ይገልጣሉ። አንዱ ጫኝ «ሩፋኤል ሳይደርስ ስንዴው ቀድሞን ተጠመቀ» ብሎ ሳቀ፤ ኦቦ ደገፋ ዞር ሲሉ ሳቁን ዋጠው። አንዲት ጠላ ሻጭ ደግሞ ከየት እንደሰሙ እንጃ መጥተው «ከበቀለ ለሌላ አትስጡብኝ፣ ለብቅል እወስደዋለሁ» ሲሉ ተባረው ወጡ። የከተማው ዳቦ ቤት ሁሉ የእንቁጣጣሽን ዱቄት ከዚህ ነው የሚጠብቀው።

ስንዴ ከመፈጨቱ በፊት ትንሽ ውሃ ይጠጣል፣ ከዚያ ተጠራቅሞ ያርፋል፤ እንዲህ ካልሆነ ገለባው ይደቅና ዱቄቱ ይጠቁራል። ትንሽ ነው ያልኩት። በየካቲት ስንዴው ደረቅ ስለሆነ ውሃው ጨመር ይላል፣ በሐምሌ ደግሞ ይቀንሳል። ባለፈው ጥቅምት የተተከለው አዲሱ ማሽን የየወሩን ውሃ ልክ በራሱ ያውቃል፤ ያውም በእኛው አቆጣጠር። ኦቦ ደገፋ በዚህ የሚኮሩትን ያህል በልጆቻቸው አይኮሩም።

ጫልቱ በር ላይ ቦርሳዋንና ጃንጥላዋን ይዛ ቆማለች። አላለቀሰችም፤ ተናዳለች።

«እጇን ቫልቩ ላይ ይዣታለሁ!» አሉ ኦቦ ደገፋ ጣታቸውን ፊቷ ላይ ቀስረው። «ስልኳ ላይ ተጥዳ ውሃውን ረስታ፣ እኔ ስመጣ ልትዘጋ ስትሮጥ!»

«ልዘጋው ነዋ የሮጥኩት!» አለች ጫልቱ። «ውሃው በሰዓቱ አልቆም አለ። ቀዩን ማጥፊያ ተጫንኩ፣ ከዚያ ለማንኛውም ብዬ በእጄ ልዘጋው ሄድኩ። ባልዘጋው ኖሮ እኮ እዚህ ሁለተኛ የደንዲ ሐይቅ ይኖርዎት ነበር!»

«ማሽን አይሳሳትም!»

ይኸው! አላልኳችሁም?

ጫልቱ ወደ እኔ ዞረች። «ወንድሜ፣ ሥራው ይቅር። ግን ጊንጪ ትንሽ ከተማ ናት። ‹ውሃ ከፍታ የተኛችው› የሚል ስም ከወጣልኝ እስከ እጃጂ ድረስ የሚቀጥረኝ የለም። እናቴ ገበያ ስትወጣ ምን እንደሚሏት ታውቃለህ? እውነቱን ፈልግልኝ» አለችኝ።

እውነቱን ፍለጋ ወደ ቫልቩ ሄድኩ። ሙያተኛ ነኝ ባይ ሁሉ መጀመሪያ የሚፈታው ለመፍታት የሚቀለውን ነው። ቫልቩ ሳይዘጋ ቀርቶ ይሆናል ብዬ ብሎኑን አላላሁ። ዋናውን ውሃ ግን አልዘጋሁም። ለምን አልዘጋህም አትበሉኝ፤ የተማረ ሰው አንዳንዴ እንዲህ ይሆናል። ውሃው ቫልቩን ገፍቶ ደረቴን አገኘኝ። እኔና ስንዴው አንድ ሆንን።

«አንተም ጫልቱ ነህ!» ብለው ጮኹብኝ ኦቦ ደገፋ።

ቫልቩ ጤነኛ ነበር። መለስኩትና «እንግዲህ እዚህ ቆመው ይዩ» ብዬ ማሽኑን አስነሣሁ። ማንም አልነካውም። ውሃው ተከፈተ። ልኩ ላይ ሲደርስ መቆም ነበረበት፣ አልቆመም። ስንዴው ጠጣ፣ ጠገበ፣ ተፋ። ውሃው ከገንዳው ወርዶ የኦቦ ደገፋን ጫማ ከበበው፤ ለበዓል ቀድመው ያስጠረጉት ቡኒ ጫማ ነው።

«አጥፋው! አጥፋው እንጂ!»

«እኔ አልነካሁትም። ጫልቱም በር ላይ ናት።»

ኦቦ ደገፋ ጫማቸውን አዩ፣ ማሽኑን አዩ፣ ጫልቱን አዩ። ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው ከእሷ የለመደው ነው» አሉ።

ምን ትላላችሁ? ማሽኑን አጥፍቼ፣ እርጥብ ሱሪዬን ጨምቄ፣ ላፕቶፔን ከሳጥኑ ጋር አገናኘሁ። ፕሮግራሙ ሲከፈት ግን ቁጣዬ ከኦቦ ደገፋ ላይ ተነሥቶ ሌላ ሰው ላይ ሰፈረ።

ወገኖቼ፣ ለዳታ ስም ይውጣለት! እኛ ስም ማውጣት የምንሰንፍ ሕዝብ አይደለንም። ደንዲ ገጠር ውጡና እዩ፣ በሬው ስም አለው፣ ጥጃዋ ስም አላት፣ ውሻው ሁለት ስም አለው። የዚህ ፕሮግራም ዳታ ግን እንደ እስረኛ በቁጥር ብቻ ነው የሚጠራው፤ ዲ መቶ፣ ዲ መቶ አንድ፣ ዲ መቶ ሁለት። የትኛው ውሃ ነው? የትኛው ጊዜ ነው? ጊዜ ከሆነስ ሰከንድ ነው ወይስ ደቂቃ? የሚያውቀው የጻፈውና እግዚአብሔር ነው፤ የጻፈው ደግሞ እስካሁን ረስቶታል። በሙሉ ፕሮግራሙ ውስጥ ስም የወጣለት አንድ ብቻ አገኘሁ፣ እሱም «ሙከራ የመጨረሻ አዲስ ሁለት» ይባላል። ማብራሪያ ተብሎ አንዲት መስመር አልተጻፈችም። ጠላቴ ላይ እንኳ እንዲህ ያለ ፕሮግራም አይድረስበት።

ቁጥሮቹን አንድ በአንድ እያየሁ ለራሴ ስም ሰጠኋቸው። ይህ መስከረም መሆን አለበት፣ ይህ ጥቅምት። እንዲህ እያልኩ ወርጄ ነሐሴ ላይ ስደርስ ተርታው አለቀ። ከነሐሴ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ግን ከሁሉም ይበልጣል፤ የየትኛውም ወር ውሃ እንዲህ አይሆንም። ዞሬ ማሽኑ ፊት ላይ ያለችውን ትንሽ መስታወት አየሁ። «ቀን 1፣ ወር 13» ትላለች።

ያቺን ቁጥር እያየሁ እርጥቡ ወንበር ላይ ዘጭ አልኩ።

የሚኒባሱን ሰውዬ አሁን አምጡልኝ። ዳታ ማለት ተርታ ወንበር ላይ የተቀመጠ ተሳፋሪ ነው። ፖይንተር የሚባለው ደግሞ የረዳቱ ጣት ነው፤ ጣት ራሷ ምንም አትይዝም፣ «ያ ነው» ብላ ታሳያለች እንጂ። ወሩ አንድ ሲሆን ጣት ወደ መጀመሪያው ወንበር ትቀሰርና መስከረም የውሃውን ልክ ይናገራል፤ ሁለት ሲሆን ወደ ሁለተኛው ትሄዳለች። ነገሩ ቆንጆ ነው፣ አሥራ ሁለት ጊዜ የሚጻፈው ባንዴ ያልቃል። ችግሩ ጣት አለማፈሯ ነው። አሥራ ሦስት ሲሏት አሥራ ሦስተኛ ወንበር መኖሩን አትጠይቅም፤ ከተርታው ወጥታ ቀጥሎ የተቀመጠውን፣ የማይመለከተውን ሰው «አንተ፣ ውሃ ስንት?» ትለዋለች። ቀጥሎ የነበረው ስንዴው ረጥቦ የሚያርፍበት ጊዜ ነበር። እሱም በደቂቃ የተጻፈውን የራሱን ቁጥር በየዋህነት ነገራት፤ ውሃው ደግሞ ያንን በሰከንድ ተቀብሎ ከልኩ አሥር እጥፍ በላይ ወረደ። ጳጉሜ ወንበር ስታጣ ሰው ጭን ላይ ተቀመጠች ማለት ነው፣ ከነዶሮዋ።

ማሽኑ በጥቅምት ገባ፣ ጳጉሜን አይቶ አያውቅም። ፈረንጅ ቢሠራው ምን ይደረግ ይባላል። የሠራው ግን የአዲስ አበባ ልጅ ነው! በጳጉሜ የሩፋኤል ዝናብ ወርዶበት ራቁቱን ሲሮጥ ያደገ ልጅ! ስልክ ቁጥሩን ከኦቦ ደገፋ ተቀብዬ ደወልኩለት፤ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረግኩት።

«ወንድሜ፣ ዓመት ስንት ወር ነው?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? አሥራ ሁ… ውይ!»

«ውይ ስንዴ አያደርቅም።»

«ቆይ፣ ቆይ! እኔ እኮ ጠይቄያለሁ!» አለ ልጁ ድምፁ እየቀጠነ። «‹ጳጉሜን እንጨምር ወይ?› ብዬ ኦቦ ደገፋን ጠይቄያቸዋለሁ። ‹አሥራ ሁለት ብለህ ጨርስ፣ ጳጉሜ ከወር አትቆጠርም፣ ደሞዝ እንኳ አንከፍልባትም› ያሉኝ እሳቸው ናቸው!»

ኦቦ ደገፋ በድንገት ጫማቸው አሳሰባቸው፤ ጎንበስ ብለው በመሐረብ ይጠርጉት ጀመር። ልጁ «ኔትወርክ የለም» ብሎ ዘጋ። እያወራ እኮ ነው ኔትወርክ የለም የሚለው!

ማስተካከሉ የሻይ ሰዓት አልፈጀም። ለጳጉሜ ወንበር ጨመርኩላት፣ ከጎረቤቷም አራቅኳት፣ ለሁሉም ስምና መለኪያ ጻፍኩ። ከሁሉም በላይ ጣት ከመቀሰሯ በፊት የሚቆም ዘበኛ አቆምኩ፤ ቁጥሩ ከአንድ ካነሰ ወይም ከአሥራ ሦስት ከበለጠ ውሃውን አትክፈት፣ ደወል ምታ፣ ሰው ጥራ የሚል። ይህን ሥራ የምትሠሩ ካላችሁ ሌላው ቢቀር ይህቺን ያዙልኝ። ጣታችሁን ከመቀሰራችሁ በፊት የምትቀስሩበት ቦታ ላይ ማን እንዳለ እዩ።

«ለአምስት ቀን ብለህ ሙሉ ወንበር?» አሉኝ ኦቦ ደገፋ።

«በአራት ዓመት አንዴ ስድስት ትሆናለች።»

«ቢሆንም!»

ማሽኑ ልኩን ጠብቆ ሲቆም ሠራተኛው ሁሉ አጨበጨበ። ጫልቱ ግን አሁንም በር ላይ ናት። «ትግባ እንጂ» ስላቸው «ማን ከለከላት? ትግባ!» አሉ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

«እንዲሁ አልገባም» አለች ጫልቱ። «በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ነው ስሜ የጠፋው። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ይመለስ። ሽማግሌ ይጠራ።»

ቂም ይዘው ዓመት አይሻገሩም፤ ይህን ኦቦ ደገፋም ያውቃሉ። በማግሥቱ ጠዋት ኦቦ ጉደታ የሚባሉ፣ ለፋብሪካው ስንዴ የሚያቀርቡ የደንዲ ሽማግሌ ሌሎች አዛውንት አስከትለው መጡና እርጥቡ ስንዴ አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። እኔም ምስክር ነህ ተብዬ ተጠርቼ፣ ደግሞ በዚያው ሚኒባስ፣ ደግሞ ሰው ጭኔ ላይ አስቀምጬ መጣሁ።

«የመጣነው ለአራራ ነው» አሉ ኦቦ ጉደታ፤ ለዕርቅ ማለታቸው ነው። «ዱጋውን ብቻ እንስማ። እውነቱን። ያጠፋው ማነው?»

«ማሽኑ ነው» አሉ ኦቦ ደገፋ ፈጠን ብለው።

ትናንት የማይሳሳት ማሽን! ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ኦቦ ጉደታ በከዘራቸው ዝም አሰኙኝ። ከአዛውንቶቹ ጋር በሹክሹክታ ተመካከሩ።

«ማሽኑ ካጠፋ ማሽኑ ይቅርታ ይጠይቅ። እዚህ ዘመድ አለው?»

ሁሉም ሰው እኔን አየኝ።

«እኔ ዘመዱ አይደለሁም! የሠራሁትም እኔ አይደለሁም! እንዲያውም ያዳንኩት…»

«ቋንቋውን ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ፣ ግን…»

«እንግዲያው ዘመድ ማለት ሌላ ምንድነው?» ብለው ፈረዱ።

ከግቢው ጥግ ድንጋይ መጣ። በዳይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ ተጎንብሶ ይቅርታ የሚጠይቅበት ድንጋይ ነው፤ ያመጡልኝ ደግሞ ትንሹን አይደለም። ዩኒቨርሲቲ አምስት ዓመት የተማርኩት ለዚህ ነበር! ተሸክሜ ጫልቱ ፊት ጎንበስ አልኩ። «እኔ፣ ስለ ፒኤልሲው፣ ማለትም እሱ ስላላወቀ፣ ወንበሩ አሥራ ሁለት ስለነበር…» ከዚህ በላይ አልወጣልኝም። ጫኙ ከኋላ ሲስቅ እሰማዋለሁ። ማጅራቴ ሊቀነጠስ ደርሷል።

ጫልቱ ድንጋዩን በሁለት እጇ ከላዬ አነሣችው።

«ተነሥ ወንድሜ። አንተ አላስቀየምከኝም» አለች። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች። «አባቶቼ፣ እኔ ከማሽን ጋር አልተጣላሁም። ማሽኑ ውሃ አፈሰሰ እንጂ ስሜን አላጠፋም። ጣቱን የቀሰረብኝ ሰው ነው።»

ድንጋዩን ኦቦ ደገፋ እግር ሥር፣ ከቡኒው ጫማ ፊት ለፊት አስቀመጠችው። ኦቦ ጉደታ ከዘራቸው ላይ ተደግፈው ጠበቁ። ኦቦ ደገፋ ሠራተኞቹን አዩ፣ ሸራውን አዩ፣ ደመናውን አዩ። በመጨረሻ ኮፍያቸውን አውልቀው ድንጋዩን ተሸከሙ። እውነቴን ነው፣ ያን ጊዜ አሳዘኑኝ፤ ትልቅ ሰው ናቸው።

«ልጄ፣ አጥፍቻለሁ። ውሃውን ያቆምሽው አንቺ ነሽ። ሁላችሁም ስሙ፣ እሷ ናት ያቆመችው» አሉ።

ጫልቱ አሁን ገና አለቀሰች። ድንጋዩ ወረደ፣ ኦቦ ጉደታ መረቁ፣ ሁሉም «አሜን» አለ። ኦቦ ደገፋ አቧራቸውን አራግፈው፣ ፊታቸው እንደ ፀሐይ ፈክቶ፣ «በይ እንግዲህ፣ መስከረም አንድ ሲያልፍ ሥራሽ ላይ ግቢ» አሏት።

«ዛሬስ?» አለች ጫልቱ እንባዋን እየጠረገች።

«ዛሬማ ጳጉሜ አይደለም እንዴ? ጳጉሜ ምን ከወር ትቆ…»

ኦቦ ጉደታ በከዘራቸው ድንጋዩን ነካ አደረጉት።

«ደገፋ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ድንጋዩን ገና አልመለስነውም።»

ጫልቱ ጃንጥላዋን አጣጥፋ በዚያው ሰዓት ወደ ማሽኗ ገባች። ድንጋዩን ወደ ጥጉ ተሸክሜ የመለስኩት ግን እኔው ነኝ፤ ዘመዱ ነኝና።